ፌርፋክስ ላይ ሰላም ያላልኳቸው

ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ነገር ግን ሱቁ ተዘግቷል፤ የሱቁ ባለቤት ሥራ አቁመው ቤታቸው ተቀምጠዋል፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁትን ሥራ ዛሬ በዚህ ሰፈር የሚሠራ ሰው የለም። የተካንኩበት ሥራ ከነቦታው ካበቃ ሌላ ምን ልበለው?

ሥራውን በስሙ ልጥራው። የወሲብ መጫወቻ ዕቃ ሻጭ ነበርኩ። በተለይ የምሸጠው ለጀማሪ ነው፤ ገዝቶ ለማያውቅ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ለማያውቅ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለሐበሻ ሴት። ለአዲስ ሥራ ማመልከቻ ስሞላ አጎቴ ጋሽ ተሾመ በትከሻዬ በኩል እያየ «የሕክምና ዕቃ መደብር ብለህ ጻፍ» አለኝ። «ማን ያጣራል? ራስህን ለምን ታዋርዳለህ?» እንዳለው አልጻፍኩም። ይህንንም እንደሚፈልገው አልጽፍም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ፣ ከኦሎምፒክ ጎዳና ወደ ታች ባሉት ሱቆች በር ላይ «ያ ሰላምታ የማያውቅ ልጅ» የሚባለው እኔ ነኝ። እናቶችን ዝም ብዬ ሳልፍ «አሳዳጊ የለውም?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሰላም ማለት የማይገባኝን ሰው ሰላም ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ሰላምታ አንዲት ሴት ቤቷን አጣች። ስለዚህ ማን ሰላም እንደነሳ፣ ለምን እንደነሳ፣ አንዴ ቁጭ ብዬ ልናገር።

የሱቁ ባለቤት ሲስተር ጥሩወርቅ ይባላሉ። ወጣት ሳሉ ለትምህርት መጥተው ሎስ አንጀለስ የቀሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአዋላጅ ነርስነት የሠሩ ሴት ናቸው። ሐበሻው ነርስን ሲስተር ማለት ስለለመደ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ስማቸው ሲስተር ሆኖ ቀረ። የሳቸው እኩዮች ሥራ ሲያቆሙ ምግብ ቤት ይከፍታሉ ወይም ቤት ገዝተው ያከራያሉ። እሳቸው ከፌርፋክስ በሚታጠፍ መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይህን ከፈቱ።

እኔ ያን ጊዜ ሲስተር መኪናቸውን የሚያቆሙበት ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራውን ያገኘልኝ ጋሽ ተሾመ ነው። መኪና በሌለበት ሰዓት በጥበቃ ቤቷ ውስጥ ተቀምጬ ቪዲዮ እያየሁ የስልክ ጥገና አስተምር ነበር፤ ተማሪውም አስተማሪውም እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሲስተር በመዳፍ የምትያዝ ሐምራዊ ነገር ሰጡኝ። «ለማሳያ የማስቀምጣት ናት። ቻርጅ አልይዝ አለች። ይህን እንኳ ትሞክራለህ?»

ከፈትኳት። የቻርጅ መግቢያዋ ዝጎ ነበር። አጽድቼ፣ አንዲት የላላች ሽቦ በይጄ፣ በማግስቱ መለስኩላቸው።

«ምን እንደሆነች ታውቃለህ?» አሉኝ።

«የፊት ማሳጅ?»

የመኪናቸውን በር ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ኦኬ። የማያውቀውን ነገር አጥርቶ የሚሠራ ሰው ነው የምፈልገው» አሉ። ደሞዙ ከፓርኪንጉ ትንሽ ይሻላል፤ የቅጥር ወረቀቱም ሕጋዊ ነበር። ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሲስተር ሱቅ ውስጥም የነርስ ጫማ ነበር የሚያደርጉት። ደንበኛ በገባ ቁጥር እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ዕቃ ባይነኩም ይታጠባሉ። በደንበኛዋና በበሩ መካከል ፈጽሞ አይቆሙም። «መውጫዋን ካየች ትቆያለች» ይሉ ነበር። ሲቀመጡ ከደንበኛዋ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ጥቁር ፌስታል ሱቁ ውስጥ እንዳይገባ ከልክለዋል። «ጥቁር ፌስታል ምን ያዝክ ብሎ ያስጠይቃል» ብለው ፋርማሲ እንደሚሰጠው ያለ ነጭ የወረቀት ከረጢት ያዙ፤ አፉ ሁለቴ ታጥፎ ስቴፕል ይደረጋል።

«ምን ልርዳሽ?» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቤት ውስጥ ማን ይሰማል?»

መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ይህን ጥያቄ የሰማች ሴት ስለ ገላዋ ምንም ሳትናገር ስለ ኑሮዋ ሁሉን ትናገራለች። አንዷ ሦስት ልጆቿን ትቆጥራለች። አንዷ ከአገር የመጣች አማቷን ታነሳለች። አንዷ ደግሞ «ማንም የለም» ብላ አንገቷን ትደፋለች። ሁለተኛው ጥያቄያቸው «የሚያምሽ ቦታ አለ?» የሚል ነው። አለ ካለች ዕቃ አይሸጡላትም። የሐኪም አድራሻ ጽፈው፣ ደውለው፣ ቀጠሮ አስይዘው ይሸኟታል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ልንገዛ አብረን ወደ ፌርፋክስ ወጣን። የትናንት ደንበኛችን ከሌላ ሴት ጋር ከፊታችን መጣች። እጄን ላነሳ ስል ሲስተር ክንዴን ያዙኝ። ሴትዮዋ አለፈች።

«አላወቋትም?» አልኳቸው።

«ከሱቁ ውጪ አላውቃትም። አንተም አታውቃትም።»

«ሰላም ማለት ምን ችግር አለው?»

«አብራት ያለችው ሴት ምን ብላ ትጠይቃታለች?»

አሰብኩ። «ማነው እሱ? ከየት ታውቂዋለሽ?»

«ሶ፣ ምን ብላ ትመልስ?»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«ቀድማ ሰላም ካለችህ አጎንብሰህ ሰላም በል። ካላለችህ ወደ ሱቁ መስታወት ዙርና ዕቃ እንደሚያይ ሰው ሁን።»

ሌላ አገር ያደገ ሰው ይህን ደንብ እንደ ቀላል ነገር ሊያየው ይችላል። እኔ ያደግሁት አላፊ አግዳሚውን ቆሞ፣ የእናቱን፣ የልጆቹን፣ የጤናውን ጠይቆ በሚያልፍ ቤት ውስጥ ነው። ያወቁትን ሰው ዘሎ ማለፍ መሳደብ ነው። ደግሞ የትኛዋ ደንበኛ እንደሆነች ሰው እንዳይለይ ደንበኛ ያልሆኑትንም መዝለል ነበረብኝ። እትዬ አልማዝን ሰላም ብዬ እትዬ ጽጌን ብዘል የዘለልኳት ትታወቃለች። ስለዚህ ሁሉንም ዘለልኩ። የፌርፋክስን የሱቅ መስታወቶች ከኔ በላይ ያጠና ሰው የለም።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር፤ የምኮራበት እሱ ነውና።

አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ አሸተዋለሁ። ጥሩ ሲሊኮን ሽታ የለውም። ሣጥኑ ሲከፈት የአዲስ ሸራ ጫማ ሽታ ከወጣ እመልሰዋለሁ። ቀጥዬ ጥፍሬን በመጋጠሚያው ላይ አስኬዳለሁ፤ ጥፍር የያዘው ቦታ ቆሻሻም ይይዛል። ቀጥዬ ድምፁን። ፋብሪካው ሣጥኑ ላይ «ድምፅ የለውም» ብሎ ይጽፋል፤ የቫን ናይስ ሰፈርን አፓርታማ ስስ ግድግዳ ግን አያውቀውም። እኔ የምኖረው እዚያ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ዕቃውን አስነስቼ በእንጨት መሳቢያ ውስጥ፣ ከዚያ በፍራሽ ላይ፣ ከዚያ በጋቢ ሥር አኖረውና ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ ቆሜ አዳምጣለሁ። በደብተሬ ላይ ሦስት ዓይነት ፍርድ ብቻ ነበር፦ በግድግዳ ይሰማል፣ በበር ይሰማል፣ አይሰማም። «አይሰማም» የተባለ ዕቃ ጥቂት ነው። ለጀማሪ ከእሱ ሌላ አልሸጥኩም።

ጀማሪ ትልቅ፣ ውድና ብዙ ቁልፍ ያለው ነገር ልትገዛ ትመጣለች፤ ከተደፈረ አይቀር ብላ። ሥራዬ ከዚያ መመለስ ነበር። ትንሽ ይሁን፤ አንድ ቁልፍ ይብቃው፤ ውሃ ውስጥ የሚገባ ይሁን። ንዝረቱን በእጅ መዳፍ አትለኪው፤ መዳፍ ሥራ የለመደ ነው፤ በአፍንጫሽ ጫፍ ላይ ለኪው። አፍንጫ ካሳከከ ለሌላውም በዝቷል። ማለስለሻው በውሃ የተሠራ ይሁን፤ ሌላው ሲሊኮኑን ይበላዋል። ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ አንዲት ደንበኛ ለፀጉሯ ያስቀመጠችውን ቅቤ ተጠቀመች። ዕቃው ተመልሶ ሲመጣ ሱቁ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። ሲስተር ሴትዮዋን ሐኪም ጋ ላኩ፤ እኔም ያን ቀን በአማርኛ ትንሽ ካርድ አሳተምኩ፦ ቅቤ አይሆንም፣ ቫዝሊን አይሆንም፣ የሕፃን ቅባት አይሆንም። እንዲህ ያለ ካርድ ከኛ ሱቅ በቀር ያለው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ሁዳዴ ሲገባ ሱቁ ጭር ይላል። አንዲት ሴት ግን በጾም መጥታ «ለብቻ ሲሆን በጾም ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔ ሻጭ ነኝ፤ ይህን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ» አልኳት። «እብድ ነህ? እሳቸውን?» ብላ ሳቀች። ከፋሲካ በኋላ ተመልሳ መጣች።

አንድ ታክሲ የሚነዳ ሰውም ነበር፤ አንድ ሰዓት ሙሉ መደርደሪያውን ሲዞር ቆይቶ «ለጓደኛዬ ሚስት ነው» አለ።

ሲስተር ከበርጩማቸው ላይ ሆነው፣ «የጓደኛህ ሚስት ምን እንደምትወድ አንተ ከየት አወቅህ?» አሉት።

«ኦኬ፣ ኦኬ፣ ለሚስቴ ነው።»

«ታዲያ ሚስትህን ይዘሃት ና።»

ይዟት መጣ። እሱ በአንድ ሰዓት ያልመረጠውን እሷ በአምስት ደቂቃ መረጠች፤ ከረጢቱንም አስያዘችው።

ወደ ዋናው ልምጣ። ፍቅርተ እላታለሁ፤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር። ከባሏና ከባሏ እህት ጋር ቫን ናይስ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ትኖራለች። መጀመሪያ ስትመጣ የእጅ ክሬም ገዝታ ሄደች። ሁለተኛም የእጅ ክሬም ገዛች። በሦስተኛው ሲስተር አልነበሩም።

«ይመለሳሉ፤ ትጠብቂያቸዋለሽ?» አልኳት።

«አይ። ካንተ ይሻላል። አንተ ሰው አታይም።»

እውነቷን ነው። ደንበኛን ፊቷን አላይም፤ እጇን ነው የማየው። እጇ የያዘችውን የወረቀት ከረጢት እያጠፈ ይዘረጋ ነበር።

«ቤት ውስጥ ማን ይሰማል?»

ትንፋሿን ለቀቀች። «የባሌ እህት። ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። እሷ ስታነጥስ እኔ ከአልጋዬ ሆኜ ይማርሽ እላለሁ።»

«የሚያምሽ ቦታ አለ?»

«ሕመም የለም። ምንም የለም። ችግሩ እሱ ነው፤ ምንም የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ጎዶሎ ነኝ እንዴ? ይሄ ዕቃ እሱን ይነግረኛል?» አለች።

ለዚህ ሲስተር ያስተማሩኝ መልስ አልነበረም። «ዕቃ ምንም አይናገርም» አልኳት። «ግን አይቸኩልም፤ አይቀየምምም። ጊዜ ይሰጥሻል።»

ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ሦስት አወጣሁ። የመጀመሪያውን በአንድ ጣቷ ገፋችው። ሁለተኛው ሰውነት የሚመስል ቅርጽ ነበረው፤ የጨርቁን ጫፍ አልብሳው ሳቀች። ሦስተኛው ወንዝ ያለሰለሰው ጠጠር የሚመስል፣ መዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ነበር። የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን አስነስቼ ሰጠኋትና ወደ ግድግዳው ዞራ በአፍንጫዋ ጫፍ ለካች።

«ይሄኛው ንብ ነው» አለች፤ መለሰችልኝ። ጠጠሯን አስጠጋች። ቆየች። «ይህቺ ድመት ናት። ስትተኛ የምታንኮራፋ ድመት። ድመቷን እወስዳለሁ።»

ቻርጅ የት እንደምታደርጋት አሁኑኑ እንድታስብ ነገርኳት፤ ብዙ ሰው የሚጋለጠው በቻርጀር ነው። አሰበችና «መኪና ውስጥ» አለች። «ጠዋት ወደ ሥራ ድራይቭ ሳደርግ። ፍሪዌዩ ላይ ከኔ በቀር ማንም የለም።» በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም እንዳትጠብቅ፣ በልብስ ላይ እንድትጀምር፣ በለብታ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና እንድታጥባት ነገርኳት። ካርዱን አነበበች። «ቅቤ?» አለች፤ ዓይኔን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣች። አልገባችም፤ በሩን ከፍታ ቆመች።

«ናሁ» አለችኝ፤ ስሜ ናሁሠናይ ነው።

«አቤት።»

«አይደለሁም።»

ይህን ብቻ ብላ በሩን ዘጋችው። ጥያቄዋን አልረሳሁትም ነበርና ገባኝ። ዘጠኝ ዓመት ከሰማኋት ምስጋና ሁሉ የማስቀምጣት ይህቺን ነው።

ጥፋቴ የመጣው በዚያው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ጠዋት ጋሽ ተሾመ ዌስት አዳምስ ያለው ቤቱ ቁርስ ጠርቶኝ ሲበላም ሲቆጣም አረፈደ። «እትዬ አልማዝን ትናንት ዘለሃት አለፍክ አሉኝ። በበዓል! እናትህ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? እንኳን አደረሰዎ ማለት ምላስ ያቆስላል?» ስለ ቁጣው ሳይሆን እናቴን ስለጠራብኝ ቆጨኝ።

ፌርፋክስ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ነጭ ለብሷል፤ ሁሉም ይሳሳማል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እንደ ሌባ ወደ መስታወት እየዞርኩ ስሄድ ፍቅርተ ከቅመም ሱቅ ወጣች። ፊቷ ፈክቷል። ደስ አለኝ። የእናቴ ልጅ ሆንኩና አጎነበስኩ።

«ፍቅርተ፣ እንኳን አደረሰሽ!»

ጥፋቴን ወዲያው ነው ያወቅሁት። ከኋላዋ ከረጢት የተሸከመች ሴት ወጣች፤ የባሏ እህት ነበረች።

«ማነው እሱ?» አለች። «ከየት ታውቂዋለሽ?»

«ከ... ቤተ ክርስቲያን» አለች ፍቅርተ።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ይሄ የሲስተር ጥሩወርቅ ሱቅ ልጅ አይደል እንዴ?»

ወደ መስታወቱ ዞርኩ። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱን አየኋቸው። ፍቅርተ የራሷን የቅመም ከረጢት አፍ በእጇ እያጠፈች ትዘረጋው ነበር።

የቀረውን ከሲስተር ነው የሰማሁት። የባሏ እህት ቤቱን ፈተሸች፤ አጣች። መኪናውን ፈተሸች፤ ከቻርጀሩ ጋር አገኘች። ሽማግሌዎች ተጠሩ። ድመቷ ጠረጴዛ ላይ፣ ከበዓሉ ዳቦ አጠገብ ተቀመጠች። አንዱ ሽማግሌ «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀ። ባሏ ሱሪው ላይ ያለውን ፍርፋሪ ያራግፋል። ፍቅርተ ተነሳች፤ ዕቃዋን ከጠረጴዛው አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ወጣች፤ አልተመለሰችም። የት እንደሄደች ሲስተር ያውቃሉ፤ ሻንጣዋን በመኪናቸው የወሰዱት እሳቸው ናቸውና። ስጠይቃቸው «ደህና ናት። ከዚህ በላይ አንተን አይመለከትም» አሉ።

በሳምንቱ ሦስት ሰዎች ወደ ሱቁ መጡ፤ አንዱ የማኅበር ሰብሳቢ፣ አንዱ ባለ ምግብ ቤት፣ ሦስተኛው አጎቴ ጋሽ ተሾመ። ሲስተር እጃቸውን ታጠቡ፤ ዝቅ ያሉትን በርጩማዎች ለእነሱ ሰጥተው ራሳቸው ቆሙ።

«ሲስተር» አለ ሰብሳቢው፣ «ክብርዎ ሳይነካ፣ ይህን ነገር ወደ ሌላ ሰፈር ቢወስዱት። በርባንክ አለ፣ ሌላም አለ። ልጆቻችን በዚህ መንገድ ያልፋሉ።»

«ያንተ ሁለት ልጆች በእጄ ላይ ነው የተወለዱት» አሉት። «ሚስትህ በመጀመሪያው ሌሊቱን ቀኑን አማጠች። አንተ የት ነበርክ?»

«...ፓርኪንግ።»

«ፓርክ አድርገህ ሬዲዮ ትሰማ ነበር። እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ገላዋን ማወቄ አላሳፈረህም፤ አሁን እሷ ራሷ ስታውቀው ነው የሚያሳፍርህ?»

ባለ ምግብ ቤቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «የሰፈሩ ስም እኮ ነው የሚጠፋው፣ ሲስተር።»

«የሰፈሩ ስም የቆመው በሴት ዝምታ ላይ ከሆነ ይጥፋ። ከዚህ መንገድ የምነሳው ጉልበቴ ሲደክም ነው፤ ያን ቀን ለናንተ እነግራችኋለሁ።»

ጋሽ ተሾመ ወደኔ ዞረ። «አንተስ? አፍ የለህም? የሰው ትዳር አፍርሰህ ቆመህ ታያለህ?»

ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ግን ይህን አልኩ፦ «አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ። ያጠፋሁት ግን ሰላም ማለቴን ነው። መሸጤን አይደለም። ዛሬ ብትመጣ ያንኑ ዕቃ መልሼ እሸጥላታለሁ።»

ሦስቱም ከዝቅተኛ በርጩማ ለመነሳት ጊዜ ወሰደባቸው።

ሲስተር ሰዎቹ እንደወጡ አላመሰገኑኝም። «ጥሩ ተናገርክ። ቢሆንም ስድስት ወር ፊት ለፊት አትቆምም» አሉኝ። ስድስት ወር ከመጋረጃው በስተኋላ ሣጥን ስከፍት፣ ስሸት፣ ሳዳምጥ ከረምኩ። የደንበኞችን ድምፅ እንጂ እጅ አላየሁም። ቅጣቱ ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ቀድሜ ሰላም አላልኩም፤ ጋሽ ተሾመም ቁርስ ላይ ነገሩን ዳግም አላነሳም።

ሲስተር ጉልበታቸው የደከመው በዚህ ዓመት ነው። እንዳሉት አደረጉ፤ ለሦስቱም ሰዎች በየቤታቸው ደውለው «ዛሬ ዘጋሁ፤ ደከመኝ እንጂ አላፈርኩም» አሏቸው። በርጩማዋን ለኔ ሰጡኝ። እኔ አሁን በርባንክ ውስጥ በጆሮ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ በሚጠገንበት ክፍል እሠራለሁ። ማመልከቻዬን ያነበበው ሰው ቅንድቡን አንስቶ «እዚያ ምን ተማርክ?» አለኝ። ገላን የሚነካ ሲሊኮን እንዴት እንደሚመረጥ፣ ቆሻሻ የሚይዝ መጋጠሚያ እንዴት እንደሚገኝ፣ ትንሽ ሞተር ለምን እንደሚጮህ ነገርኩት። ያፈረ ሰው ፊት እንዴት እንደሚቀመጡም ነገርኩት፤ መስሚያ የሚያደርግ ሰውም ያፍራልና። ቀጠረኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ሽሮ ልገዛ ፌርፋክስ ፓርክ አድርጌ ስወርድ አራት ሴቶች ከምግብ ቤት ወጡ። ከመካከላቸው አንዷ ፍቅርተ ነበረች። ፀጉሯን አሳጥራለች። እንደ ደንቡ ወደ መስታወት ዞርኩ፤ የበርበሬ ከረጢቶችን መቁጠር ጀመርኩ።

«ናሁ!»

አልዞርኩም።

«ናሁሠናይ! አንተን እኮ ነው!» መንገዱን አቋርጣ መጣችና ትከሻዬን ይዛ ጉንጬን ሳመችኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «እናትህ ደህና ናት? ሲስተር ደህና ናቸው? አንተስ?»

ሴቶቹ ደረሱ። አንደኛዋ፣ «ማነው እሱ? ከየት ታውቂዋለሽ?» አለች።

እጇን አየሁ። ቦርሳዋን ይዟል፤ አይንቀሳቀስም።

«ዕቃ የሸጠልኝ ልጅ ነው» አለች ፍቅርተ። «ከሲስተር ጥሩወርቅ ሱቅ።» ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ድመቷ አሁንም አለች» አለችኝ።

ፌርፋክስ ላይ መኪና ያልፋል። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። የሆነውን ልጽፈው እንደማስብ፣ ትፈቅድልኝ እንደሆነ በዝግታ ጠየቅኋት። «ጻፈው» አለች። «ስም ስታወጣልኝ ግን ደህና ስም አውጣ።» ክንዴን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች፤ ሴቶቹም ተከተሏት።

አንዷ ቀረች። ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ናት። ነጠላዋን እያስተካከለች መጥታ ከጎኔ ቆመች፤ ፊቷን እንደኔ ወደ መስታወቱ አዞረች። ሁለታችንም በርበሬውን እናይ ጀመር።

«ሱቁ ተዘጋ የሚሉት እውነት ነው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንዲያው... ጀማሪ ለሆነ ሰው... አሁን ማንን ነው የሚጠይቀው?»

በመስታወቱ ውስጥ እጇን ፈለግሁ። የነጠላዋን ጥለት እያጠፈ ይዘረጋ ነበር።

«እትዬ፣» አልኳት፣ «ቤት ውስጥ ማን ይሰማል?»